የላይኛው ክፍል አየር

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር መጀመሬን ለማንም አልነገርኩም። እንዲያውም ለራሴም ለመንገር አፍሬ ሦስት ቀን ዞርኩት... ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ? ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመች ልጅ ደብተር ምኗ ነው? ግን መጋዘኑ ውስጥ ግማሹ ያልተጻፈበት የዕቃ መዝገብ ወደ ቆሻሻ ሲሄድ አየሁት። ነጩ ወረቀት አሳሳኝ። "ልውሰደው?" ብሎ ለመጠየቅ አፌ እምቢ ስላለኝ፣ ሰው ዞር ሲል ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የመጀመሪያው ኃጢአቴ እንግዲህ ራሱ ደብተሩ ነው።

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም። ካርቶን መጣ፣ ምልክት ለጠፍኩበት፣ ካርቶኑ ሄደ። ስንት እንደለጠፍኩ መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ብዙ መሆኑን የማውቀው ጣቶቼን ሲያሳክከኝ ነው። አጠገቤ የምትሠራው ራዲዮ ሙሉ ቀን ስታወራ ዋለች። ይህን ስም ያወጣላት መጋዘኑ ነው፤ መዝጊያ የላትም። "አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ለማን አውሰሽው ነው?" አለችኝ። ሳቅኩ። መልሱ የመጣልኝ ማታ ቤት ስገባ ነው። "ላንቺ ነዋ!" ማለት ነበረብኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ... መልሴ ከኔ አንድ አውቶቡስ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ካርቶኑን የሚያመጣው ቀበቶ ለምሳ ሲቆም የእማዬ ሳል ከላይ ተሰማ። እሷ የምትሠራው በብረት ደረጃ ተወጥቶ፣ ከጣሪያው ሥር ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ደንበኛ የመለሰው ዕቃ የሚጠገንባት ክፍል ናት። የተቀደደ ሳጥን፣ የተላቀቀ ስፖንጅ በማስቲሽ ይለጠፋል፤ እንደገና ይታሸጋል። ክፍሏ ውስጥ ከሷ በቀር ሰው የለም። ምሳዋን ይዤላት ስወጣ የማስቲሹ ሽታ ግንባሬን ይመታኛል። እሷ "ምን ሸተተሽ? እኔ ምንም አይሸተኝም" ትላለች። ስንት ዓመት ብትውልበት ነው የማይሸታት?

ደክሞኛል። ይኸው ነው።


ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ኃላፊው ሰበሰበን። ባጭሩ ነው የምንለው። ንግግሩን ሁሉ "ባጭሩ" ብሎ ይጀምርና እግራችን እስኪደነዝዝ ያቆመናል። ክፉ ሰው አይደለም። የደከመው ሰው ነው። ዓይኑ ሥር ሁልጊዜ ይጠቁራል።

"ባጭሩ፣ በሩ ላይ ያለችውን ሰሌዳ ታውቋታላችሁ" አለ። አረንጓዴዋን ማለቱ ነው። ሕንፃው "አረንጓዴ ሕንፃ" የሚል የምስክር ወረቀት አለው።

"ዛፍ የለው፣ ሣር የለው" ብላ ራዲዮ ሹክ አለችኝ፤ "ቀለሙ እንኳ ግራጫ ነው።"

እንደገባኝ ከሆነ አረንጓዴ ማለት መብራቱን ከፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማያባክን፣ ውስጡ የሚውለውንም ሰው የማያሳምም ሕንፃ ማለት ነው። ሰሌዳዋ እንድትታደስ የውስጡ አየር ይለካል። ካልተለካ ወይም ከወደቀ ትወርዳለች። ሰሌዳዋ ከወረደች ትልልቆቹ ደንበኞች ዕቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ባጭሩ ይህን ሲናገር ድምፁ ቀጠነ። አንድ ሰው "ቢወድቅስ?" ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ባጭሩን አይቶ ተወው።

ስብሰባው ሲበተን ባጭሩ እማዬን ጠራት። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

"እናት፣ ያመለከቱትን አልረሳሁም" አላት። እማዬ ለላይኛው ክፍል አየር መሳቢያ ይገጠምልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ለምናለች። "ግን ማስረጃ ሳልይዝ ለበላይ ባቀርብ ማን ይሰማኛል? ልኬቱ ይምጣ። መጥፎ ነው ካለ በማግስቱ አስገጥማለሁ።"

"ደህና ነው ካለስ?"

"ደህና ከሆነማ... ሳሉ ከሌላ ነው ማለት ነው። ያኔ ሌላ ነገር እናያለን።"

ሌላ ነገር ምንድነው? አልጠየቅነውም። እማዬ አለቃ መጠየቅ ነውር ይመስላታል። እኔ ደግሞ... እኔ እኔ ነኝ።


ኅዳር 9፣ ሰኞ

ለኪዋ መጣች። ስሟን ነግራናለች፤ ግን ሰው ስሙን ሲነግረኝ ስለምደነግጥ አልሰማሁትም። አጭር፣ ወፍራም ጫማ ያደረገች፣ በዕድሜ ከእማዬ ትንሽ የምታንስ ሴት ናት። መጋዘኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ዞረችው። በየደረሰችበት ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ታደርጋለች። አስራ አራት ክብ!

ባጭሩ ከኋላዋ እየተከተለ "ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?" አላት።

"ቤቱ ሰፊ ነው። በስፋቱ ልክ ነው የሚለካው። የአንድ ሰው ትኩሳት ለክቶ ሰፈሩ ሁሉ ደህና ነው ይባላል እንዴ?"

ከዚያ ቀና ብላ የብረት ደረጃውን አየች። "እዚያ ላይ ሰው አለ?"

"አንዲት ሴት ናት። ትንሽ ክፍል ናት።"

"ታዲያ አንዷ አትተነፍስም?"

የራሱ በር ያለው፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚውልበት ክፍል ሁሉ ለብቻው መለካት አለበት ነው የምትለው። የላይኛው ክፍል አስራ አምስተኛ ሆነ። ልቤ ዘለለ። እማዬን ቆጠሯት!

በየክቡ አየሩን የሚለካ ሳጥን ይቆማል፤ ሳጥኖቹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ለላይኛው ክፍል "እጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ስጡኝ" አለች። ራዲዮ ከኋላዬ ገፋችኝ። "ይቺ ናት! ግን ድምፅ የላትም።"

"ድምፅማ ያላችሁ ሞልታችኋል" አለች ለኪዋ። "እኔ የፈለግኩት ዓይንና እጅ ነው።" ሁሉም ሳቁ። ጆሮዬ ነደደ።

ለብቻዬ አስቀምጣ ነገረችኝ። ሳጥኑ ሥራው ላይ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋ በሚደርስበት ቁመት ይቆማል። ለአምስት ሰዓት ያህል አይነካም። ሽቶ አይረጭም። በየግማሽ ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ ያየሁትን እጽፋለሁ። በር ተከፈተ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ምን ዓይነት ሥራ ተሠራ፣ ሽታ አለ ወይስ የለም። "ዋናው ነገር ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን መሆኑ ነው" አለችኝ። "እንደ ማንኛውም ቀን ካልሆነ ደግሞ እንዳልሆነ መጻፍ አለበት። ገባሽ የኔ እህት?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ገብቶኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ በደንብ ገብቶኝ ነበር።


ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

"ነገ ያንቺ ክፍል ነው የሚለካው፤ የምጠብቀውም እኔ ነኝ" ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ደነገጠች።

"እዚያ ዝብርቅርቅ ውስጥ? ያችን የተማረች ሴት?"

"የሚለኩት እኮ አየሩን ነው እማዬ።"

"አየሩስ ከኔ ክፍል አይደል? ነገ 'ማናት እዚህ የምትውለው?' ሲሉ ማንን ሊያሳዩ ነው?"

እንግዳ ይመጣል ከተባለ እማዬ የአልጋውን ሥር ሳይቀር ነው የምትጠርገው። ነገ ከሁሉም ቀድመን እንግባ አለች። እሺ አልኳት። ቆይቼ አንድ ነገር ደስ አላለኝም... ምን እንደሆነ ግን ልይዘው አልቻልኩም። እንቅልፍ ወሰደኝ።


ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ፀሐይ ሳትወጣ ገባን። ልብሴን ቀይሬ ስወጣ እማዬ ሥራ ጀምራለች። የማስቲሹን ቆርቆሮ እያነሳች ወደ ጓሮው መጠለያ ታወርዳለች። አብሬያት አወረድኩ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ቆርቆሮው ጉልበቴን ይመታኛል። የደረቀውን ማስቲሽ ከጠረጴዛው ላይ በቢላ ፋቀችው። ጨርቁን ሁሉ ሰብስባ ጣለች። ወለሉን በውሃ ብቻ ወለወልኩ።

ከዚያ መስኮቷ። ከጣሪያው ሥር አንዲት መስኮት አለች፤ ኃይል ታባክናለች ተብላ በሽቦ ከታሰረች ዓመታት ሆኗታል። እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ ሽቦውን በመቀስ ቆረጠችው። እኔ ወንበሩን ያዝኩላት። መስኮቷ ስትከፈት አቃሰተች። ነፋስ ገባ።

እማዬ እዚያው ወንበር ላይ ትንሽ ቆየች። "እንዴት ደስ ይላል" አለች።

እስከ ምሳ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም። ያኔም አልነቃሁም! ሰው እንዴት ይህን ያህል ይደነዝዛል?

ለኪዋ ሦስት እግር ያለውን ሳጥኗን ይዛ መጣች። እማዬን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ አፍንጫዋ ድረስ በሜትር ለካቻት። እማዬ በሳቅ ፈረሰች። "ለጫማ ተለክቼ አውቃለሁ፤ ለአፍንጫ ስለካ ግን ዛሬ ገና ነው!" ለኪዋም ሳቀች። ቆንጆ ጠዋት ነበር... ይህን ስጽፍ ነው የሚያመኝ።

ለኪዋ ዙሪያውን አየች። አሸተተች።

"እናቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ሁልጊዜም እንዲሁ ነው" አለች እማዬ ደረቷን ነፍታ።

"መስኮቷም ክፍት ናት?"

"መስኮቷም።"

ለኪዋ ወደ እኔ ዞረች። ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ የማስቲሽ ጠብታ ነበር። ሌላ ነገር አላየሁም።

ሄደች። ሳጥኑ እንደ ንብ እዝዝ እያለ መሥራት ጀመረ። እማዬ ሙሉ ቀን በፕላስተር ብቻ ስታሽግ ዋለች፤ የሚለጠፈውን ወደ ጎን አደረገችው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሲደርስ እርሳሴን አነሳሁ።

"ምን ልትጽፊ ነው?" አለችኝ።

"መስኮቱ ዛሬ እንደተከፈተ። ማስቲሹም እንደወጣ።"

"ምን ሆነሻል አንቺ! ሽቦውን ማን ቆረጠ ሲሉኝ ምን ልል ነው? ደግሞስ ሴትዮዋ ፊት አፌን ሞልቼ የተናገርኩትን ልታስበይኝ ነው? ዝም ብለሽ ጻፊ።"

ዝም ብዬ ጻፍኩ። "እንደ ወትሮው።" አስር ጊዜ። ፊደሉ እየቆየ እያማረ ሄደ።

ሳጥኑ ሲነሳ ቆርቆሮዎቹን መልሰን አወጣናቸው። መስኮቷን ዘግተን ሽቦውን አሰርን። አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ሳሏ ጀመረ።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ለኪዋ ወረቀቱን ስትረከበኝ "እንዴት ያለ የሚያምር እጅ ነው" ብላኝ ነበር። ዛሬ ምልክት ስለጥፍ ትዝ ሲለኝ ዋለ። ባትለኝ ይሻል ነበር።


ኅዳር 16፣ ሰኞ

ካርቶን። ካርቶን። እማዬ አሁን ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው። ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። ውጤቱ ገና ነው አሉ... የሳጥኑ ማጣሪያ ወደ ላቦራቶሪ ሄዷል። እኔ ደግሞ ምን እያልኩ እንደምጠብቅ አላውቅም። ምናልባት ማሽን ስለሆነ አይታለልም እያልኩ ይሆናል። ማሽን ያገኘውን ነው የሚለካው። እኛ የሰጠነውን።


ኅዳር 20፣ ዓርብ

ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። አስራ አምስት መስመር። አስራ አራቱ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል። አንዱ ብቻ ቢጫ ነው፤ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት በር፣ በጭሱ ምክንያት። ለእሱ አየር መሳቢያ ሊገጠምለት ነው። በማግስቱ፣ ልክ ባጭሩ እንዳለው።

የላይኛው ክፍል የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከሁሉም የጠራ። ከባጭሩ ቢሮ እንኳ ይበልጣል!

"እማማ፣ ለካ እርስዎ ከላይ ሆነው የተራራ አየር ነው የሚስቡት!" አለች ራዲዮ። "እኛን ታች ጥለውን!" ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዬም ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና የሰሌዳውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። አንድ ሰው ውሃ አመጣላት። ሌሎቹ ትንሽ ራቅ አሉ... አየሁ። አፋቸውን የሸፈኑም ነበሩ።

እስከ ትናንት የክፍሉ ጥፋት የነበረው ሳል ዛሬ የእማዬ ሆነ።


ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ባጭሩ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። "ባጭሩ" ሳይል ጀመረ። ያኔ ነው የፈራሁት።

"እናት፣ ምንም ማድረግ አልችልም። አየሩ ንጹሕ ነው ተባለ። ታዲያ ሕመሙ የእርስዎ ነው ማለት ነው። ሠራተኛው ደግሞ ይተላለፋል ብሎ ፈርቷል። ከሰኞ ጀምሮ ቤት ይረፉ፤ ክሊኒክ ይታዩ።"

"ቦታዬስ?"

"ሥራው መቆም የለበትም። ሌላ ሰው እናስቀምጣለን።"

"ስድንስ?"

"እናያለን እናት።" ወለሉን እያየ ነበር። ምናልባት እሱም ጫማው ላይ የሆነ ነገር አይቶ ይሆናል።

እማዬ ሽርጧን አወለቀች። አራት ቦታ አጠፈችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሳችውና ከቦርሳዋ ከተተችው።

አውቶቡስ እየጠበቅን ሳለ እንደምንም ተናገርኩ። "እማዬ፣ እንንገራቸው። መስኮቱን..."

"ምን ብለን? ዋሽተን ነው ብለን?"

"እውነቱን ብለን።"

"እሱ አንድ ነው ልጄ። አየሽ፣ ጉልበቴን ወሰዱት፤ ይሁን። ጤናዬንም ወሰዱት። ስሜ ግን ንጹሕ ነው። ያቺ ሴትዮ 'እናቴ' ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ ፊቷን እያየሁ ቀጠፍኩባት። አሁን ሄጄ 'ቀጣፊ ነኝ' ልበላት? ሳሉ ይሻለኛል።"

አውቶቡሱ መጣ። ወንበር አላገኘንም።


ኅዳር 23፣ ሰኞ

በእማዬ ቦታ ራዲዮን አወጧት። "ተሾምኩ! ከእንግዲህ ከታች ሆናችሁ ነው የምታዩኝ" እያለች ደረጃውን ወጣች። እኔ ቀበቶው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ወሬዋ ያሰለቸኝ ይመስለኝ ነበር። ዝምታው ግን ከካርቶኑ ይከብዳል።

ልነግራት ደረጃው ሥር ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቴም ተመለስኩ። ምን እላታለሁ? እናቴ ክፍሉን ለእንግዳ አሳምራው ነበር፣ አንቺ ግን እንግዳ ስላልሆንሽ አላሳመረችልሽም?

እማዬ ክሊኒክ ሄዳለች። ደረቷን አይተው የሚተላለፍ ነገር የለብሽም አሏት። ሐኪሙ "የሚውሉበት ቦታ ምን ይሸታል?" ብሎ ጠየቃት። ምን አልሽው አልኳት።

"ምንም አይሸትም አልኩት።"

ከቅዳሜ ጀምሮ ግን ሳሏ ቀሏል። ዛሬ በአንድ ትራስ ተኛች። እሷም ልብ ብላለች፤ አትናገርም እንጂ። እኔም አልናገርም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዲዳ።


ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ራዲዮ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አላወራችም።

መጀመሪያ ማንም አላስተዋለም... ማለቴ፣ ሁሉም የሆነ ነገር እንደጎደለ አውቆ ምን እንደሆነ አጣው። ከዚያ አንዱ "ራዲዮ፣ ባትሪሽ አለቀ እንዴ?" አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሳሩን ታበላው ነበር። ግንባሯን በሁለት እጇ እንደያዘች ዝም አለች። ምሳ ዕቃዋን እንኳ አልከፈተችውም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ምን ሆንሽ?" አልኳት። እኔ ጠያቂ፣ እሷ ዝምተኛ!

"ከላይ ስወርድ ደረጃው ሁለት ሁለት ይሆንብኛል። ዓይኔ ያነባል። ማታ አስመለሰኝ።" ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለች። "የተራራ አየር አልተስማማኝም መሰለኝ። የቆላ ሰው ነኝ።"

ነገሩ ጥርሴ ድረስ መጣ። እምላለሁ፣ ጥርሴ ድረስ። ደወሉ ተደወለ። ተነሳች፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወጣች። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ትቆማለች።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። ለእማዬ ነው እንዳልል እማዬ እየተሻላት ነው። ለራዲዮም ብቻ አልነበረም። አስር ጊዜ "እንደ ወትሮው" ብሎ የጻፈው እጄ እዚያው ቧንቧው ሥር ነበር።

ስወጣ ባጭሩ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሲነግራት ሰማሁ። ለኪዋ ዓርብ ጠዋት ትመጣለች፤ የመጨረሻውን ወረቀት አብረው ይፈርማሉ፤ ሰሌዳዋም ትታደሳለች። ከዚያ በኋላ ልኬት የለም። ለሦስት ዓመት።

ሦስት ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ይፈራረቃል?


ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ዛሬ ራዲዮ ጭራሽ አልመጣችም። ነገ ካልመጣች ሌላ ሰው ይወጣል አሉ። ባጭሩ ዓይኑን ወዲያና ወዲህ አድርጎ እኔ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ አለፈ።

ቤት እንደገባሁ ቁጭ ሳልል ለእማዬ ነገርኳት። ፀጉሯን እያበጠረች ነበር።

"ያቺ ለፍላፊዋ? እሷ ዝም አለች?"

"ዝም አለች።"

"ምግብስ?"

"ምሳ ዕቃዋን አልከፈተችም።"

ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "በመጀመሪያው ሰሞን እኔም ያስመልሰኝ ነበር" አለች። "ያኔ ሕፃን ነበርሽ። ይለመዳል ብዬ..." አልጨረሰችውም።

ከዚህ ደብተር ላይ አንድ ንጹሕ ወረቀት ቀደድኩ። ለኪዋ እንደሰጠችኝ አድርጌ አሰመርኩት። ሰዓት፣ በር፣ መስኮት፣ ሥራ፣ ሽታ። ከዚያ የዚያን ቀን የሆነውን ጻፍኩ። ዝም ብለን ያለፍነውን ሁሉ። ፊደሉ እንደዚያን ቀኑ አላማረም። ሁለት ቦታ ሰርዣለሁ።

እማዬ ማንበብ አትችልም። "አንብቢልኝ" አለች። ሳይነገራት አውቃለች ምን እንደሆነ። አነበብኩላት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን ትቀደዋለች ብዬም ነበር። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። "ዘጠኝ ቆርቆሮ ማስቲሽ ወደ ጓሮ ወርዷል" የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

"ዘጠኝ አይደለም። አስራ አንድ ነው። ሁለቱን አንቺ ልብስ ስትቀይሪ እኔ አውርጃቸዋለሁ።"

አየኋት። አልቀለደችም።

"አርሚው" አለች። "ከተጻፈ አይቀር በትክክል ይጻፍ።"

አረምኩት። "መስኮቱን እናቴ ከፈተችው" የሚለውንም አልወደደችውም። "እናቴ አትበይ። የክፍሉ ሠራተኛ በይ። እዚያ የዋልኩት ለሥራ ነው፤ ልጅ ላሳድግ አይደለም።" አረምኩት። እንደገና አነበብኩላት።

"አንቺስ?" አለች። "አንቺ የት አለሽ እዚህ ውስጥ?"

አልነበርኩም። ልብ አላልኩም! ሁሉንም ጽፌ ራሴን ዘልዬዋለሁ። ከታች ጨመርኩ፦ "ቆርቆሮዎቹን አብሬ አውርጃለሁ። ወንበሩን ይዣለሁ። እንደ ወትሮው ያልሆነውን እንደ ወትሮው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።" ስሜን ሙሉውን፣ ከነአባቴ ጻፍኩ።

"ባጭሩ ያብዳል" አለች እማዬ።

"ያብዳል።"

"ሰሌዳዋ ብትወርድ ሰዉ ሁሉ በኛ ነው የሚያላክከው። አንቺንም ሊያስወጡሽ ይችላሉ።"

"አውቃለሁ።"

"እሺ" አለች። ማበጠሪያውን አነሳች። ቀጥላ፣ ለራሷ ይሁን ለኔ ባላውቅም፣ "ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ፊቷን እያየሁ የጠየቅኳት ያህል መሆኑን ንገሪያት" አለች።

አሁን ይህን የምጽፈው ነገ እንዳልሸሽ ነው። ለኪዋ መኪናዋን የምታቆመው ከግቢው በር ውጭ ነው፤ ባለፈው አይቻለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት እዚያ እቆማለሁ። ቢሮ ከገባች በኋላ ባጭሩ ፊት አልችልም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ወረቀቱን እሰጣታለሁ። ሳጥኑን እንደገና እንድታመጣው እለምናታለሁ። ማስቲሹ ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ መስኮቷ በሽቦዋ እንደታሰረች፣ ቀኑን ለማንም ሳይነግሩ፤ ለእኛም ጭምር። እስከዚያ እዚያ ክፍል ማንም እንዳይቀመጥ። የእማዬንም መልእክት አደርሳለሁ።

ይህን ሁሉ ማለት ካቃተኝስ? ያቅተኝ ይሆናል... ስለዚህ ከሁሉም በፊት የምናገረውን መርጫለሁ። ሁለት ቃል ናት። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኳት፤ እማዬ ከአልጋዋ ላይ "አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ" እስክትለኝ። የመኪናዋ በር እንደተከፈተ፣ ሰላም እንኳ ሳልላት፣ እንዲህ እላታለሁ፦

"እትዬ፣ አይፈርሙ።"